«ዲሊበረትሊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ትርጉሙና አጠቃቀሙ

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «ዲሊበረትሊ» የሚለውን ተውሳከ ግስ በመዝገበ ቃላት ሲፈልግ በአብዛኛው የሚያገኘው ፍቺ «ሆን ብሎ» የሚል ነው። ፍቺው ትክክል ነው፤ ሆኖም ቃሉን ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ለመናገር ወይም ለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝኛ አንድ ሰው ድርጊቱን አስቦ መፈጸሙን የሚገልጽባቸው በርካታ ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ቦታ አለው። አማርኛ በበኩሉ ይህንኑ ሐሳብ «ሆን ብሎ»፣ «ይሁነኝ ብሎ»፣ «አስቦ»፣ «አስቦበት» እና ተማሪውን ከሁሉም ይልቅ በሚያሳስተው «አውቆ» በሚለው ቃል ይገልጻል። የሁለቱ ቋንቋዎች አከፋፈል አንድ ለአንድ ስለማይገጥም፣ ቃሉን በትክክል መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅንና መፈለግን ለያይቶ ማየት ይኖርበታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አነጋገሩ ጥቂት ልበል። ቃሉ ሲነገር ድምፁ ጠበቅ ብሎ የሚያርፈው በሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ማለትም «ዲ» ካለፈ በኋላ በሚመጣው «ሊ» ላይ ነው፤ ፈጠን ባለ ንግግርም መካከሉ ተውጦ «ዲሊብረትሊ» ሊመስል ይችላል። የተገኘው «ዲሊበረት» ከሚለው ቅጽል ነው። ይኸው ቅጽል በጽሕፈት ከግሱ ጋር አንድ ዓይነት ፊደላት ቢኖሩትም በንግግር ይለያያል፤ ቅጽሉ «ረት» ብሎ ሲያበቃ ግሱ «ሬይት» ብሎ ያበቃል። ግሱ «ዲሊበሬይት» መምከር፣ ግራ ቀኙን ማየት ማለት ነው፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የጁሪ አባላት ማስረጃውን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ለብቻቸው ገብተው ሲመካከሩ የሚነገርላቸው በዚሁ ግስ ነው። የቃሉ ሥር ላቲን ሲሆን፣ ሚዛን ማለት ከሆነው «ሊብራ» ጋር ይያያዛል። ሥርወ ቃሉን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም፤ አንድን ነገር በልብ ሚዛን ላይ አስቀምጦ የመመዘን ሐሳብ በቃሉ ውስጥ እስከ ዛሬ ስላለና ከጎረቤቶቹ ለመለየት ስለሚረዳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አማርኛ «ማወቅ» የሚለውን ግስ እውቀትን ለመግለጽ ብቻ ሳይሆን ፈቃድንም ለመግለጽ ይጠቀምበታል። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ስንል ሰውዬው እንደተኛ ያውቃል ማለታችን አይደለም፤ ላለመነሣት ወስኖ የተኛ መስሏል ማለታችን ነው። ጓደኛውን በነገር የነካ ሰው «አውቄ ነው» ሲል «ሆን ብዬ ነው» ማለቱ እንደሆነ ማንም ይረዳዋል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ሰው «አውቆ»ን ሁሉ «ኖዊንግሊ» እያለ ይተረጉማል፤ ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። «ኖዊንግሊ» የሚናገረው ስለ እውቀት ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ ጊዜው ያለፈበት ምግብ መሆኑን እያወቀ ከሸጠ «ኖዊንግሊ» ሸጠ ይባላል፤ ዓላማው ግን ገንዘብ ማግኘት እንጂ ሰውን ማሳመም ላይሆን ይችላል። ሰውን ለማሳመም ብሎ ቢሸጥ ኖሮ «ዲሊበረትሊ» ሰዎችን አሳመመ እንል ነበር። ስለዚህ አማርኛው «እያወቀ» በሚልበት ቦታ «ኖዊንግሊ»፣ «አውቆ» በሚልበት ቦታ ደግሞ በአብዛኛው «ዲሊበረትሊ» ወይም «ኦን ፐርፐስ» ይስማማል። የአማርኛው የአንቀጽ ቅርጽ ራሱ መንገዱን ያሳያል፤ «እያወቀ» ከድርጊቱ ጎን ለጎን ያለ እውቀትን ሲያመለክት፣ «አውቆ» ከድርጊቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ሐሳብን ያመለክታል።

የዚሁ ተቃራኒም እንዲሁ ያሳስታል። ብርጭቆ የሰበረ ሰው በአማርኛ «ሳላውቅ ነው» ወይም «ባለማወቅ ነው» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሰሚውም ድንገት እንደሆነ ይረዳለታል። ይህን ቃል በቃል ወስዶ በእንግሊዝኛ «አይ ዲድንት ኖው» የሚል ሰው ግን ሌላ ነገር ተናገረ፤ ሰሚው «ምኑን ነው ያላወቅኸው?» ብሎ ግራ ይጋባል፤ ምናልባትም ብርጭቆው መሰበሩን አላየሁም ያለ ይመስለዋል። ትክክለኛው አባባል «ኢት ዋዝ አን አክሲደንት» ወይም «አይ ዲድንት ዱ ኢት ኦን ፐርፐስ» ነው። ከሁሉም ቀላሉና ለስላሳው ደግሞ «አይ ዲድንት ሚን ቱ» የሚለው ነው፤ «አስቤው አይደለም» ከሚለው አማርኛ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በባዕድ አገር በሰው ቤት፣ በሆቴል ወይም በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያጠኗቸው ከሚገቡ አባባሎች መካከል እነዚህን ሦስቱን አስቀድማለሁ። ዕቃ ተሰብሮ ወይም ልብስ ተበላሽቶ አሠሪ ሲቆጣ፣ ድንገተኛውን ነገር ሆን ተብሎ ከተደረገ ነገር የሚለየው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነውና።

«ኦን ፐርፐስ» የዕለት ተዕለት ንግግር ቃል ነው፤ ሕፃናት ሲጣሉ «ኦን ፐርፐስ ነው የመታኝ» ብለው የሚከሱት በዚሁ ነው። ቦታው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። አማርኛ «በስሕተት»፣ «በዓላማ» እያለ በ«በ» ስለሚጀምር ብዙ ተማሪ «ባይ ፐርፐስ» ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። «ባይ» የሚገባው ለተቃራኒው፣ ለ«ባይ አክሲደንት» እና ለ«ባይ ሚስቴክ» ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑት «ፐርፐስሊ» እና «ፐርፐስፉሊ» በድምፅ ቢቀራረቡም በትርጉም ይለያያሉ። የመጀመሪያው «ሆን ብሎ» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግብ ይዞ፣ ቆርጦ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ሁኔታ ነው። ወደ ስብሰባ አዳራሽ «ፐርፐስፉሊ» የገባች ሴት ልበ ሙሉ ሆና የገባች ናት እንጂ ማንንም ለማናደድ ብላ የገባች አይደለችም።

«ኢንቴንሽናሊ» ከሁሉም ይልቅ ለ«ዲሊበረትሊ» የቀረበ ነው፤ በአብዛኛው አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል። ሆኖም የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን አውስቲን እነዚህን ቃላት በጥንቃቄ መርምሮ እንዳሳየው፣ ሁለቱ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። በንዴት ቱግ ብሎ ጎረቤቱን በጥፊ የመታ ሰው «ኢንቴንሽናሊ» መትቷል፤ እጁ ድንገት አልነካውምና። ነገር ግን «ዲሊበረትሊ» መታው ለማለት ያስቸግራል፤ ነገሩን በልቡ አልመዘነውምና። ከላይ ያነሣሁት የሚዛን ሐሳብ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው። «አስቦ» እና «አስቦበት» በሚሉት የአማርኛ ቃላት መካከል ያለው ልዩነትም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ያሰበ ሁሉ አላሰበበትም።

ስለ «ኢንቴንሽናሊ» ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሹዋ ኖብ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው አጭር ጥናት በኒውዮርክ ማንሃታን መናፈሻ ውስጥ ላገኛቸው ሰዎች አንድ ታሪክ አቅርቦላቸው ነበር። የአንድ ኩባንያ ሊቀ መንበር አዲስ ሥራ ትርፍ እንደሚያስገኝ፣ ነገር ግን አካባቢን እንደሚጎዳ ይነገረዋል፤ እርሱም ስለ አካባቢው ግድ እንደሌለው፣ የሚፈልገው ትርፍ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ሥራውን ያስጀምራል። ሊቀ መንበሩ አካባቢውን የጎዳው «ኢንቴንሽናሊ» ነውን? ተብለው ሲጠየቁ 82 በመቶዎቹ አዎን አሉ። ለሌሎች ሰዎች የቀረበው ታሪክ በሁሉም ነገር ተመሳሳይ ሆኖ «ይጎዳል» የሚለው ብቻ «ይጠቅማል» በሚል ተተካ፤ በዚህ ጊዜ 77 በመቶዎቹ ሊቀ መንበሩ የጠቀመው «ኢንቴንሽናሊ» አይደለም ብለው መለሱ። የሰውዬው እውቀትና ግዴለሽነት በሁለቱም ታሪኮች አንድ ነው፤ የተለያየው ውጤቱ ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ወቀሳን አዝለው እንደሚመጡ ነው።

«ዲሊበረትሊ» ይህን ወቀሳ ከሁሉም አጉልቶ ይሸከማል። ዘወትር አብረውት የሚሄዱት ግሶች ማሳሳት፣ ችላ ማለት፣ መሸሽ፣ መተንኮስ፣ ማጣመም፣ ማቃጠልና መደበቅ ናቸው። ስለዚህ በጎ ነገርን ለመግለጽ ሲውል ለሰሚው እንግዳ ይሆንበታል። «ለሠርግህ ብዬ ነው የመጣሁት» ማለት የፈለገ ሰው «አይ ዲሊበረትሊ ኬም» ቢል፣ ሙሽራው እንዳይመጣ የተከለከለና በእልህ የመጣ ሊያስመስለው ይችላል፤ በዚህ ቦታ «እስፔሻሊ» ወይም «ጀስት ፎር ዩ» ይሻላል። ለአለቃ፣ ለአከራይ ወይም ለትምህርት ቤት የቅሬታ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰውም ቃሉን ከማስገባቱ በፊት ደግሞ ደጋግሞ እንዲያስብ እመክራለሁ። «ደመወዜን ዲሊበረትሊ አዘገያችሁ» ማለት ደመወዝ መዘግየቱን መናገር ብቻ አይደለም፤ የልብ ሐሳባቸውን አውቄባችኋለሁ ብሎ መክሰስ ነው፤ ክስ ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃ ከሌለ የሆነውን ነገር በቀንና በቁጥር መጻፍ፣ ስለ ፈቃዳቸው ግን ዝም ማለት የተሻለ ጉልበት አለው።

በሌላ በኩል፣ ግሱ ራሱ ፈቃድን የያዘ ከሆነ ተውሳከ ግሱ ትርፍ ይሆናል። መዋሸት በተፈጥሮው ሆን ተብሎ የሚደረግ ነገር ስለሆነ «ዲሊበረትሊ ላይድ» ማለት ለአጽንዖት ካልሆነ በስተቀር አያስፈልግም። ማሳሳት ግን ባለማወቅም ሊሆን ስለሚችል «ዲሊበረትሊ ሚስሌድ» ማለት አዲስ ነገር ይጨምራል። በሚጽፉበት ጊዜ «ይህ ድርጊት ድንገት ሊፈጸም ይችላልን?» ብሎ ራስን መጠየቅ በቂ መመዘኛ ነው።

ስለ ቦታው እንነጋገር። ድርጊቱ ሆን ተብሎ መደረጉን ለመግለጽ ቃሉ ብዙውን ጊዜ ከግሱ በፊት ይቀመጣል፦ «ሂ ዲሊበረትሊ ብሮክ ዘ ግላስ»። በመጨረሻም ሊመጣ ይችላል፦ «ሂ ብሮክ ዘ ግላስ ዲሊበረትሊ»። በግሱና በተሳቢው መካከል ግን አይገባም፤ «ሂ ብሮክ ዲሊበረትሊ ዘ ግላስ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል። አማርኛ «ብርጭቆውን ሆን ብሎ ሰበረው» ብሎ ተውሳከ ግሱን በተሳቢውና በግሱ መካከል ስለሚያስቀምጥ ተማሪው እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። ረዳት ግስ ካለ ቃሉ ከረዳቱ ቀጥሎ ይመጣል፦ «ዘ ፋየር ዋዝ ዲሊበረትሊ ሴት»፣ እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው።

በአሉታዊ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የቦታው ጉዳይ ከሰዋስው አልፎ የትርጉም ጉዳይ ይሆናል፤ ብዙ አለመግባባት የሚፈጠረውም እዚህ ነው። «ሺ ዲሊበረትሊ ዲድንት ግሪት ሂም» ማለት ሆን ብላ ሰላም ሳትለው ቀረች ማለት ነው፤ ዝምታዋ የታሰበበት ነው። «ሺ ዲድንት ዲሊበረትሊ ኢግኖር ሂም» ደግሞ ችላ ያለችው ሆን ብላ አይደለም ማለት ነው፤ ችላ መባሉ እውነት ነው፣ ፈቃዷ ግን አልነበረበትም። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይከላከላል። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚያሳየው ዐረፍተ ነገሩን በመሰንጠቅ፣ «አይደለም» የሚለውን ከ«ሆን ብላ» ጎን በማስቀመጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን የሁለት ቃላትን ቅደም ተከተል ብቻ ይለውጣል። «ሺ ዲድንት ግሪት ሂም ዲሊበረትሊ» የሚለው በጽሑፍ ሲታይ ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ስለሆነ መሸሽ ይሻላል። ነገሩን በአጭሩ ማስታወስ ለሚፈልግ፦ አሉታው የሚያፈርሰው በአብዛኛው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ነው።

ቃሉ ሁለተኛ ትርጉምም አለው፤ በመዝገበ ቃላት ታች ላይ ስለሚሰፍር ብዙ አንባቢ ሳያየው ያልፋል። ሳይቸኩል፣ ተረጋግቶ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ወይም ቃል መዝኖ የሚል ነው። ይህ ትርጉም ሲፈለግ ቃሉ ከግሱ በኋላ ይመጣል፤ በአብዛኛውም «ስሎውሊ ኤንድ ዲሊበረትሊ» ተብሎ ከዝግታ ጋር ተጣምሮ ይገኛል። «ሂ ዲሊበረትሊ አንሰርድ» ቢባል መመለሱ ራሱ ውሳኔ ነበር ማለት ነው፤ «ሂ አንሰርድ ዲሊበረትሊ» ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ብሎ፣ ቃላቱን መርጦ መለሰ ማለት ነው። በዚህኛው ትርጉም ወቀሳ የለም፤ እንዲያውም ምስጋና ሊሆን ይችላል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው «ዲሊበረትሊ» ተናገሩ የሚል ዐረፍተ ነገር ያገኘ ተርጓሚ «ሆን ብለው ተናገሩ» ብሎ ከተረጎመ፣ የተከበሩትን ሰው ነገር ፈላጊ አድርጎ አቀረባቸው ማለት ነው። «ረጋ ብለው፣ ቃላቸውን እየመዘኑ ተናገሩ» ሲል ግን ባለ ታሪኩንም አንባቢውንም አልበደለም።

በሕግ ጽሑፎች ውስጥ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚያ የአንድ ተውሳከ ግስ ልዩነት የሰውን ዕጣ ይወስናል። በአሜሪካ የሕግ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1962 የቀረበው ሞዴል የወንጀል ሕግ የአእምሮ ሁኔታን በአራት ደረጃ ሲከፍል «ፐርፐስሊ»ን እና «ኖዊንግሊ»ን ለያይቶ አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው ውጤቱን ግብ ማድረግ፣ ሁለተኛው ውጤቱ መከተሉ እንደማይቀር ማወቅ ነው። በዚያው አገር የኢሚግሬሽን ቅጾች መመሪያ ላይ ዘወትር የሚታየው ማስጠንቀቂያ ደግሞ «ኖዊንግሊ ኤንድ ዊልፉሊ» የሚል ጥምረት ይጠቀማል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ በፈቃዱም አስፈላጊ ፍሬ ነገርን የደበቀ ወይም ያጣመመ ሰው ማመልከቻው ውድቅ እንደሚሆንበት ይናገራል። በዚህ አገባብ «ዊልፉሊ» ማለት ማንም ሳያስገድደው፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጽ የሚሞሉ ወገኖቻችን የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲመልሱ የሚፈጠረው የስሌት ስሕተት በዚህ ቃል ሥር የሚወድቅ እንዳልሆነ ይረዱ፤ ነገር ግን ስሕተቱን ካወቁ በኋላ ሳያርሙ ፊርማቸውን በሌላ ቅጽ ላይ ቢያኖሩ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው መከላከያ ይጠፋል። ስሕተት ሲገኝ ቶሎ በጽሑፍ ማረምና የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ በአንቀጽ 58 እና 59 አስቦ የተፈጸመን ወንጀል በቸልተኝነት ከተፈጸመው ይለያል። በዚሁ አንቀጽ 58 መሠረት ውጤቱን ፈልጎ ያደረገ ብቻ ሳይሆን፣ ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገፋበትም አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ የፍርድ ውሳኔ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ «አስቦ» የሚለውን «ኢንቴንሽናሊ» ማለት አለበት። «ዲሊበረትሊ» ቢል፣ ተከሳሹ ነገሩን መክሮበትና አልሞበት እንዳደረገው አድርጎ ፍርዱን ያከብደዋል። አስቀድሞ ማቀድ በሕጉ ከባድ የሰው ግድያን ከተራው ለመለየት ራሱን ችሎ የሚመዘን ነገር ስለሆነ፣ ተርጓሚው በግምት ሊጨምረው አይገባም። ዓለም አቀፍ ሰነዶችም በዚሁ ይስማማሉ፤ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው የሮም ስምምነት በአንቀጽ 8 በሲቪሎች ላይ የሚሰነዘርን ጥቃት ሲከለክል የተጠቀመበት ቃል «ኢንቴንሽናሊ» ነው። ዜና አቅራቢዎች ግን በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲጽፉ «ዲሊበረትሊ»ን ይመርጣሉ፤ ለአንባቢ ይበልጥ ስለሚከብድ ይመስለኛል።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ የመጨረሻው ጥንቃቄ ስለ ባለቤቱ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ለማንም አይለዋወጥም፤ የእኛው ግን «ሆን ብዬ»፣ «ሆን ብለሽ»፣ «ሆን ብለው» እያለ ከአድራጊው ጋር ይረባል፤ አድራጊው ካልታወቀ ወይም ካልተጠቀሰ ደግሞ «ሆን ተብሎ» ይሆናል። እንግሊዝኛው በተደራጊ ግስ አድራጊውን ሰውሮ ሳለ ተርጓሚው «ሆን ብለው አቃጠሉት» ቢል፣ ጸሐፊው ያልከሰሰውን ሰው ከሰሰ ማለት ነው። ቃሉ ከቅጽል ፊት በሚመጣበት ጊዜም ይኸው «ሆን ተብሎ» ያገለግላል። መንግሥታት ወይም ድርጅቶች የሚያወጡት መግለጫ «ዲሊበረትሊ ቬግ» ተብሎ ሲተች «ሆን ተብሎ የተድበሰበሰ» ማለት ይቻላል፤ ለጀማሪ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንባብ «ዲሊበረትሊ ሲምፕል» ሲባል ግን ወቀሳ ስለሌለበት «ታስቦበት ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀ» የሚለው ይሻላል።